«ንጹሕ ሳምባ» የሚባል ነገር አልነበረም

ባህልን ከሞት እናድናለን የሚሉ ሰዎች በቁሙ ሲገንዙት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ የሚወዱት ነገር እንዳይለወጥባቸው የሚሳሱ ናቸው። ስስት ወንበር ይዞ ሲፈርድ ግን ፍርዱ ይጎድላል። እኔም ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለመሟገት ነው። የሙግቱ ምክንያት አንዲት ብራዚላዊት ድምፃዊት በ2000 ያወጣችው የመጀመሪያ አልበም ነው። ድምፃዊቷ ቤቤል ዢልቤርቶ ትባላለች፤ አልበሟ «ታንቶ ቴምፖ» ይሰኛል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህን ሁሉ ጊዜ» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቋት አንባቢያን አስቀድሜ ላስተዋውቃት። ቤቤል በ1966 ኒው ዮርክ ተወለደች። አባቷ ዦአው ዢልቤርቶ ነው፤ በሃምሳዎቹ ማብቂያ ላይ ቦሳ ኖቫ የተባለውን የሙዚቃ ስልት በአንድ ጊታርና በለሆሳስ ድምፅ ያቆመው ሰው። እናቷ ሚዩሻ ድምፃዊት ነበረች። የእናቷ ወንድም ሺኮ ቡዋርኪ ደግሞ በግጥምና ዜማም ሆነ በልብ ወለድ አንቱ የተባለ የብራዚል ደራሲ ነው። ቤቤል በ1986 ጥቂት ዘፈኖችን የያዘች አነስተኛ ሸክላ አውጥታ ነበር፤ ሙሉ አልበም ግን ሠላሳዎቹን እስክታጋምስ ድረስ አልነበራትም። «ይህን ሁሉ ጊዜ» ብላ የሰየመችው አልበም ሲወጣ የአባቷ ትውልድ ጊታርና የሳምባ ምት፣ በኮምፒውተር ከተቀመሩ ድምፆች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ተገኙ። ዋነኛው አቀናባሪ ሱባ በሚል ስም የሚታወቀው ሚታር ሱቦቲች ነበር፤ ትውልዱ ሰርቢያ፣ ኖቪ ሳድ ከተማ፣ ኑሮው ግን ከዘጠናዎቹ መባቻ ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ።

በዚህ አልበምና በመሰሎቹ ላይ ሲቀርቡ የምሰማቸው ክሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ማሽን የሳምባን ነፍስ ይገድላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ የአባት ስም የሸጠው ሥራ ነው የሚል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ አልበሙ የአንድን ሕዝብ ሙዚቃ የቡና ቤት ማጀቢያ አድርጎታል የሚል ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያውን ክስ የሚያቀርብ ሰው ልቡ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፦ ከማሽን በፊት የነበረ፣ እጅ ያልነካው፣ ንጹሕ ሳምባ። እኔም እጠይቀዋለሁ፦ መቼ? የት? ሳምባ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው ወደ ብራዚል የተወሰዱት ሰዎች ከበሮ ነው፤ ግን ከበሮው ብቻ አይደለም። ጊታሩና ታናሽ ወንድሙ ካቫኪንዮ ከፖርቱጋል በመርከብ የመጡ ናቸው። በ1888 ባርነት ሕግ ሆኖ መቆየቱ ሲያበቃ፣ ከዚያም በፊትና በኋላ፣ ከባሂያ ወደ ሪዮ ዲ ጄኔሮ የፈለሱት ጥቁሮች ምታቸውን ይዘው መጡ፤ ሪዮ ውስጥ ደግሞ የአውሮፓ ፖልካና የከተማው ሌላ ዜማ ጠበቃቸው። ሳምባ የተወለደው በዚህ መተላለፊያ ላይ ነው። እናቱንና አባቱን ለይተን «ይህኛው ብቻ ወላጁ ነው» ልንል አንችልም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። በ1916 መጨረሻ ዶንጋ የተባለ ሙዚቀኛ በሪዮ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አንድ ዘፈን በስሙ አስመዘገበ። ዘፈኑ የባሂያ ተወላጅ በነበረችው በእትዬ ሲያታ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ እየተቀባበለ ያበጀው እንደ ነበረ ይነገራል፤ በባለቤትነቱም ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። በሚቀጥለው ዓመት በሸክላ ታትሞ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ የታሪክ መጻሕፍትም ሳምባ በሚል ስም የገነነ የመጀመሪያው ዘፈን እያሉ ያነሡታል። ርዕሱ ምን ነበር? «ፔሎ ቴሌፎኔ»፤ «በስልክ»። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። የሳምባ የልደት ወረቀት ላይ የተጻፈው የማሽን ስም ነው። የዘመኑን አዲስ መሣሪያ ርዕሱ ላይ ሰቅሎ የተወለደን ሙዚቃ ነው ዛሬ «ከማሽን እንጠብቀው» የሚሉት።

እዚህ ላይ ከሳሽ መልስ አያጣም። «ስልኩ ርዕስ ላይ ነው፤ ድምፁ ግን የሰው ነበር» ይለኛል። መልካም፤ እንግዲህ ወደ ድምፁ እንሂድ።

ብራዚል ውስጥ ሸክላ በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መቀዳት የጀመረው በ1927 ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኝ ድምፁን በቀንድ መሳይ መቀበያ ውስጥ ማስገባት ነበረበት፤ ስለዚህም ጉልበት ያለው ጉሮሮ ይነግሥ ነበር። ማይክሮፎኑ ከመጣ በኋላ፣ በ1928 ማሪዮ ሬይስ የሚባል ሰው ሰው ለሰው እንደሚያወራ አድርጎ መዝፈን ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዦአው ዢልቤርቶ መጣና ነገሩን እስከ ዳርቻው ወሰደው። በ1958 ባወጣት ሸክላና በተከታዩ ዓመት ባሳተመው «ሼጋ ዲ ሳውዳዲ» በተባለው አልበም ውስጥ የምንሰማው ድምፅ፣ ያለ ማይክሮፎን ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አያልፍም ነበር። ያ ሹክሹክታ፣ ያ ትንፋሽ የሚሰማበት ቅርበት፣ ዛሬ «የጥንቱ ለዛ» ብለን የምንሳሳለት ነገር የኤሌክትሪክ ልጅ ነው። ኤሌክትሪክ ባይኖር ቦሳ ኖቫ የአንድ ሰው የመኝታ ቤት እንጉርጉሮ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዘመኑስ ምን ተባለ? ይህ ሰው ድምፅ የለውም ተባለ፤ ቅኝት ይስታል ተባለ። ቶም ዦቢምና ኒውተን ሜንዶንሳ «ዴዛፊናዶ» ማለትም «ከቅኝት የወጣው» የተሰኘውን ዘፈን ሠርተው፣ ዦአውም በ1959 ዘፍኖት ለነቃፊዎቹ በፈገግታ ተመለሰላቸው። ዦዜ ራሞስ ቲንዮራዎ የተባለው ኃይለኛ ሐያሲ ደግሞ ቦሳ ኖቫን የአሜሪካ ጃዝ ቅጂ እያለ ዕድሜ ልኩን ሲሟገት ኖሯል። ቲንዮራዎን አከብረዋለሁ፤ ስለ ብራዚል ሙዚቃ ታሪክ የሰበሰበው ሰነድ ብዙ ነው፤ ጥቁሮች የፈጠሩትን መካከለኛው መደብ ወሰደው የሚለው ቁጣውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጊዜ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ትናንት «ባዕድ» ተብሎ የተከሰሰው የአባትየው ሙዚቃ፣ ዛሬ ልጅቱ የምትመዘንበት «ንጹሕ ባህል» ሆኗል። ተከሳሹ ያለ ይቅርታ ወደ ዳኝነት ወንበር ተዛወረ፤ ከሳሾቹ ግን ክሳቸውን አልለወጡም፤ ስሙን ብቻ ፍቀው ሌላ ጻፉበት።

ሌላ ምስክር ልጥራ። በጁላይ 1967 በሳኦ ፓውሎ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ ጊታርን የሚቃወም ሰልፍ ወጣ። ቀልድ አይደለም፤ ሰልፍ ነው፤ ታላቋ ድምፃዊት ኤሊስ ሬጂና ከፊት ነበረች። የብራዚል ሙዚቃ ከባዕድ ጩኸት ይጠበቅ የሚል ነበር መፈክሩ። ከሰልፈኞቹ አንዱ ዢልቤርቶ ዢል ነው። ይኸው ዢል በዚያው ዓመት በኦክቶበር በቴሌቪዥን የሙዚቃ ውድድር መድረክ ላይ «ኦስ ሙታንቺስ» ከተባሉት ወጣቶች ጋር ወጣ፤ የባሂያን ምት ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋሕዶ ሁለተኛ ወጣ። ከካኤታኖ ቬሎዞ ጋር ሆነው ትሮፒካሊያ የተባለውን እንቅስቃሴ አቀጣጠሉ። በ1968 መጨረሻ ወታደራዊው መንግሥት ሁለቱንም አሠራቸው፤ ኋላም ወደ ለንደን ተሰደዱ። ያሠራቸው ጄኔራል እንጂ ጊታር ጠል ሰልፈኛ አይደለም፤ ሁለቱን አላምታታም። ዢል ግን ከ2003 እስከ 2008 የብራዚል የባህል ሚኒስትር ሆኖ አገለገለ። ባህልን በረዘ የተባለው ሰው የባህል ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ከዦአው ዶናቶ ጋር የደረሰው «ባናኔራ» የተሰኘ ዘፈን ደግሞ በቤቤል አልበም ውስጥ ይገኛል። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ ቤቤል ቀለበት ጨመረችበት እንጂ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ሐሳብ ከብራዚል ደራስያን አንደበት ያውቁታል። ኦስዋልድ ደ አንድራዴ በ1928 ባሳተመው አወዛጋቢ መግለጫው፣ ብራዚላዊ ከባዕድ ባህል ጋር ሲገናኝ ሊሸሽም ሊሰግድም አይገባውም፤ ይብላው፣ ይፍጨው፣ የራሱ ሥጋና ደም ያድርገው ሲል ተከራከረ። እኛም ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መንገዱና ቤቱ የአባቶች ነው፤ ቅኔው ግን በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ደግሞ የሚቀኝ ተማሪ ባህል ጠበቀ አይባልም፤ ባለ ቅኔም አይባል። ሳምባ በእኛ አፍ የመተንፈሻ ስም መሆኑ በአጋጣሚ ነው፤ ለክርክሬ ግን ይመቸኛል። አዲስ አየር እንዳይገባበት የተከለከለ ሳምባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ታሪክ ነው። ታሪክ ደካማን ሥራ አያድንም፤ «የቀደሙትም ተከሰው ነበር» ማለት ብቻውን ምስክርነት አይሆንም። ብዙ መጥፎ አልበሞችም ባህል በረዙ ተብለው ተነቅፈዋል፤ ነቀፋውም ትክክል ነበር። ስለዚህ ወደ አልበሙ እንግባ።

ቤቤል አልበሟን የምትከፍተው «ሳምባ ዳ ቤንሳው» በተሰኘው ዘፈን ነው፤ «የቡራኬ ሳምባ» ማለት ነው። ዜማው የጊታር ሊቁ የባደን ፓወል፣ ግጥሙ የባለቅኔውና የዲፕሎማቱ የቪኒሲዩስ ደ ሞራይስ ነው። ቪኒሲዩስ በመጽሐፍ ገጽ ላይ የከበረ ገጣሚ ሳለ ወደ ዘፈን የወረደ፣ ወይም እኔ እንደማምነው የወጣ፣ ሰው ነበር። በራሱ ቅጂ ውስጥ በንግግር እያዋዛ የሳምባን ሊቃውንት በየስማቸው እየጠራ ቡራኬያቸውን ይለምናል። አስቡት እንግዲህ፤ አንዲት ሴት የመጀመሪያ አልበሟን ስትጀምር ከዘፈን ሁሉ መርጣ የቡራኬን ዘፈን ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች። ከአባቶች ደጅ ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው። ይህች ናት ከሃዲ የተባለችው!

ማሽኑስ በዚህ ዘፈን ውስጥ ምን ይሠራል? አይጮህም። ምቱ በዝግታ ይሄዳል፤ በኮምፒውተር የተሠሩት ድምፆች ከድምፃዊቷ ጀርባ እንደ ጉም ይተኛሉ፤ እሷም አትቸኩልም። ሱባ የገባው ነገር ይህ ነው። የአባትየው ሹክሹክታ ማይክሮፎን ያስፈልገው እንደ ነበር፣ የልጅቱ ሹክሹክታ ደግሞ በዘመኑ የከተማ ጫጫታ መካከል እንዲሰማ ዙሪያውን የሚያጸጥ ነገር ያስፈልገዋል። ሱባ ማሽኑን የተጠቀመበት ዝምታን ለመሥራት ነው። ማሽን ነፍስ ይገድላል የሚል ሰው ይህን ዘፈን ጨርሶ እንዳልሰማው እገምታለሁ።

«ማይስ ፌሊዝ» የሚለውንም ስሙ፤ «ይበልጥ ደስተኛ» ማለት ነው። ቤቤል ይህን የጻፈችው በ1990 በወጣትነቱ በኤድስ ከሞተው ከሮክ ዘፋኙ ከካዙዛና ከዴ ፓልሜራ ጋር ነው። ከሮክ ሰው ጋር የተጻፈ ዘፈን በቦሳ ኖቫ ትንፋሽ ሲዘፈን፣ የትኛው ነው «ባህሉ»? «ሳምባ ኢ አሞር» ደግሞ የአጎቷ የሺኮ ቡዋርኪ ነው። ከተማው ለሥራ ሲነሣ፣ ጎዳናው ሲታወክ፣ ሌሊቱን በዘፈንና በፍቅር ያሳለፈ ሰው ከአልጋው መነሣት ሲያቅተው ይነግረናል። ሺኮ ዘፈኑን ያወጣው በሰባዎቹ መባቻ፣ ወታደሮች አገሩን በሚገዙበትና ሁሉ ተሰልፎ እንዲሠራ በሚታዘዝበት ዘመን ነበር፤ ስንፍናው ያኔ እንደ እምቢታ ይሰማ ነበር። ቤቤል ስትዘፍነው ጄኔራሎቹ ሄደዋል፤ ሰዓት ግን አሁንም ያዛል። ዘፈኑን ወደ ዛሬ ያመጣችው ቃሉን ሳትነካ ነው።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። በእንግሊዝኛ የተዘፈኑት ክፍሎች ለእኔ ጆሮ ከፖርቱጋልኛዎቹ የሳሱ ናቸው፤ ቃሉ ይቀልላል፤ ድምፁም እንግዳ ቤት እንደ ገባ ሰው ይጠነቀቃል። ጠበቃ ነኝ ማለት ደንበኛዬ መልአክ ናት ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ክስ አጭር መልስ ይበቃዋል። የአባት ስም በር ይከፍታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ስም ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል። የዦአው ዢልቤርቶ ልጅ ሆኖ በሹክሹክታ መዝፈን ከአባት ጋር በየዘፈኑ መመዛዘን ነው። ለቤቤል ቀላሉ መንገድ የአባቷን ጊታር አስመስላ፣ የአባቷን ዘፈኖች ደግማ፣ ናፍቆትን መሸጥ ነበር። ያን ብታደርግ ኖሮ ዛሬ የሚከሷት ሰዎች በጭብጨባ ይቀበሏት ነበር። አባቷን በቀጥታ በሥራዎቹ ያወደሰችበት «ዦአው» የተሰኘው አልበም የወጣው በ2023 ነው፤ አባቷ በ2019 ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ። ርስት የምትነግድ ሴት ይህን ያህል አትዘገይም።

ወደ ሦስተኛው ክስ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ከ«ታንቶ ቴምፖ» በኋላ ፊቱን እሱን ያስመሰለ ብዙ ነገር ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ከሳምባ ጥቂት ምት ተቆርጦ፣ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ተደርቦ፣ በሆቴል መግቢያና በሱቅ ውስጥ ሰው እንዳያዳምጠው ተብሎ የተሠራ ሙዚቃ። ይህ እውነት ነው፤ አሳፋሪም ነው። ነገር ግን ልጆች በአባት ላይ ይመሰክራሉ እንጂ አባት በልጆቹ ጥፋት አይሰቀልም። የአባቷ ትውልድ ቦሳ ኖቫስ በአሳንሰር ውስጥ አልተንቆረቆረም? በዚህ ምክንያት «ሼጋ ዲ ሳውዳዲ» ረከሰ የሚል አለ?

ይልቅስ የክሱን ሥር ልንገራችሁ። በ1987 የለንደን ሸክላ አሳታሚዎች ተሰብስበው፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ዋና ገበያ ውጭ የሆነውን ሁሉ «የዓለም ሙዚቃ» በሚል አንድ መደርደሪያ ላይ ሊያኖሩት ተስማሙ። ሻጭ ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቁ ነውር የለበትም። መደርደሪያው ግን ቀስ በቀስ ሕግ ሆነ። ከዚያ መደርደሪያ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ከበሮ፣ የሸማኔ ልብስና «ያልተነካ» የሚል ቃል ነው። ጀርመናዊ ኮምፒውተር ይዞ ዘፈን ሲሠራ ፈጣሪ ይባላል፤ ብራዚላዊት ያንኑ ስትሠራ ባህሏን አጠፋች ትባላለች። ለአንዱ ነገ ተሰጠው፤ ለሌላዋ ትናንት ብቻ ተመደበላት። ሙዚየም ውስጥ እንድትቆሙ የሚጋብዛችሁ ሰው ቢያወድሳችሁም አላከበራችሁም። የሚያሳዝነኝ ይህን ሚዛን የገዛ አገሯ ሰዎችም፣ እንደ እኛ ያሉ የሩቅ አድማጮችም ተቀብለነው በራሳችን ላይ መፍረዳችን ነው።

ስለ ሱባ አንድ ነገር ሳልናገር አልጨርስም። ከኖቪ ሳድ የመጣው ይህ ሰው የአፍሮ ብራዚላውያንን ምት ሊያጠና ገብቶ በዚያው የቀረ ነው። «ታንቶ ቴምፖ» ሳይወጣ፣ በኖቬምበር 2 ቀን 1999 ሳኦ ፓውሎ የሚገኘው ቤቱና ስቱዲዮው በእሳት ተያያዘ፤ ሱባ በ38 ዓመቱ በዚያው አደጋ ሞተ። አልበሙን ሌሎች ባልደረቦች አጠናቀቁት። የራሱን «የሳኦ ፓውሎ ኑዛዜዎች» ብሎ የሰየመውን ሥራ በዚያው ዓመት አውጥቶ ነበር። ስለ ባዕድና ማሽን የሚጽፉት ሰዎች ስሙን እንኳ አያነሡም። ባዕድ የሚሉት ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን የሰጠው የእነርሱን ምት በትዕግሥት ለማዳመጥ ነበር።

ስለዚህ ክሱን የምታነሡ ወዳጆቼ፣ ጥያቄያችሁን እንድትለውጡ እለምናችኋለሁ። «ማሽን ገብቶበታል ወይ?» አትበሉ፤ ከ1917 ጀምሮ ገብቶበታል። «ማን ማንን ያገለግላል?» በሉ። ድምፁ ለማሽኑ ተንበርክኮ ከሆነ አብሬያችሁ እከሳለሁ፤ የመጀመሪያውንም ድንጋይ አቀብላለሁ። ማሽኑ ለድምፁ መንገድ ከጠረገ ግን ዝም በሉና አዳምጡ። አንድ ምሽት ስልካችሁን ዝጉ፤ በመጀመሪያ የአባትየውን የ1959 አልበም፣ ቀጥሎ የልጅቱን የ2000 አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሙ። ከዚያ በኋላ የትኛው ዘፈን፣ የትኛው ምት፣ የትኛው ቦታ ላይ ባህሉ እንደ ሞተ ጠቁማችሁ አሳዩኝ። ያኔ እንከራከራለን።